ማስተርስ ቲሲስ ላይ ላላችሁ፦ ከአዲስ አበባ ቢሮዎች ዳታ እንዴት ነው የሚወጣው

ይሄን የምጽፈው አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ወይ ልደታ ማስተርስ እየተማራችሁ ፕሮፖዛላችሁ ያለፈላችሁና አሁን ዳታ ኮሌክሽን ጋ ለደረሳችሁ ነው። ክላስ ውስጥ ሳምፕሊንጉንም ኤስፒኤስኤሱንም ሪግሬሽኑንም ተምረናል፣ ከአንድ ክፍለ ከተማ ጽህፈት ቤት የሶስት ዓመት ሪፖርት እንዴት እንደሚወጣ ግን ማንም ቁጭ አርጎ አያስተምርም፣ ቲሲስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጓተተው እዚህ ጋ ነው። በተለይ ከክልል መጥታችሁ ከተማውን ገና እየለመዳችሁ ያላችሁ ልጆች ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተቱ ሳይ ያመኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው መንከራተት አስቀድሞ ቢታወቅ የሚቀር ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙ። የምትፈልጉት ዳታ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ የዕቅድ ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ ነው። እዛ እስክትደርሱ ወረቀት አለ፣ ማህተም አለ፣ ፊርማ አለ፣ በየመሃሉ ደግሞ ሰው አለ። ወረቀቱ ካልተሟላ ሊረዳችሁ የሚፈልግ ሰው እንኳን አይችልም፣ ሰዎቹን ካላከበራችሁ ደግሞ ወረቀቱ ሙሉ ሆኖም ነገ ተመለሱ ትባላላችሁ።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ያለውን እዩ

ቢሮ ሄዳችሁ ኦንላይን ያለ ነገር ከጠየቃችሁ ባለሙያው ሁለተኛ በቁም ነገር አያያችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የቲሲስ ማከማቻ ኦንላይን ፈትሹ፣ የናንተን ርዕስ የሚመስል ስራ የሰራ ሰው ካለ አክኖውሌጅመንቱንና መጨረሻ ላይ ያሉትን አባሪዎች አንብቡ፣ ከየትኛው ቢሮ ምን አይነት ሰነድ እንዳገኘ እዛ ላይ ነው የሚታየው። የቆየ ነገር ለምትፈልጉ ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ወመዘክርም (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ። ላፕቶፕ ይዞ ቀኑን ሙሉ ለመቀመጥ በ2014 አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ነው፣ ግን ፈተና ሰሞን በጠዋት ካልሄዳችሁ ወንበር የለም። አዋጅና ደንብ የምትጠቅሱ ከሆነ ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ፒዲኤፍ አትመኑ፣ ነጋሪት ጋዜጣው አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይሸጣል፣ ገዝታችሁ ቁጥሩንና አንቀጹን ከዛ ላይ ጥቀሱ።

የህዝብ ብዛት ለምትጠቀሙ ሁሉ ደግሞ ይሄን አትርሱ፣ የመጨረሻው የህዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፣ ከዛ ወዲህ የታቀደው ቆጠራ ተራዝሟል። ስለዚህ ማንም ቢሮ የዘንድሮ ህዝብ ብዛት ብሎ ቁጥር ቢሰጣችሁ ትንበያ ነው ወይ ወረዳው ራሱ በቤተሰብ ፎልደር (የጤና ኤክስቴንሽኖች የየቤተሰቡ መዝገብ) ምናምን የቆጠረው ነው፣ የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። ሌላው፣ ክፍለ ከተሞቹ 10 ነበሩ፣ በ2013 ለሚ ኩራ ሲጨመር 11 ሆኑ፣ ለሚ ኩራ የተቆረሰው ደግሞ ከቦሌና ከየካ ነው። የቦሌን የ2011 እና የ2015 ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ቀነሰ ብላችሁ ብትጽፉ የቀነሰው መሬቱ ነው፣ ዲፌንስ ላይ ይሄን የሚያውቅ ኤግዛሚነር ከገጠማችሁ ምዕራፍ አራታችሁ በሙሉ ይናጋል።

2. ደብዳቤው

ከዲፓርትመንት የሚወጣው የትብብር ደብዳቤ ይባላል። "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል አንድ ደብዳቤ ወስዶ ሁሉም ቦታ ኮፒ ማስገባት የሚቀል ይመስላል፣ አይሰራም፣ መዝገብ ቤቶች ብዙ ጊዜ ኦሪጅናል ነው የሚፈልጉት፣ ለሚመለከተው የተባለን ነገር ደግሞ ማንም አይመለከተኝም ማለት ይችላል። ለእያንዳንዱ ቢሮ በስሙ የተጻፈ ለየብቻ አሰሩ።

የቢሮውን ስም ከድሮ ቲሲስ ላይ አትቅዱ፣ መስሪያ ቤቶች ይዋሃዳሉ፣ ይከፈላሉ፣ ስም ይቀይራሉ። ቢሮው በቅርብ ባወጣው ደብዳቤ ወይ በሩ ላይ ባለው ታፔላ ላይ ያለውን ስም ቃል በቃል ጻፉ። ርዕሳችሁን በአማርኛ አስቀምጡ፣ እሱም ሰው ሊረዳው በሚችል አማርኛ። "በአራዳ ክፍለ ከተማ የደረቅ ቆሻሻ አሰባሰብ" ካላችሁ የሚያነበው ኃላፊ ወዲያው ለማን እንደሚመራው ያውቃል፣ የእንግሊዝኛውን ሁለት መስመር ርዕስ እንዳለ ገልብጣችሁ ካስገባችሁ ግን ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ያድራል።

ስትቀበሉ እዛው ቆማችሁ እዩት፦ ወጪ ቁጥር አለው? ቀን አለው? ፊርማው ስር ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ማህተም) አለ? ክብ ማህተሙ ፊርማውን ነክቷል? ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ፒያሳ ድረስ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። የዲፓርትመንት ፀሐፊዎች ስራ ይበዛባቸዋል፣ በተለይ ሁሉም ተማሪ ባንድ ሳምንት ስለሚመጣ፣ ስለዚህ ደብዳቤውን ራሳችሁ ታይፕ አርጋችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው፣ ከዛ ደብዳቤ ወረቀት ላይ ፕሪንት ማረግ ብቻ ነው የሚቀራቸው። ሁለት ሁለት ኦሪጅናል ጠይቁ። ክረምት ከሆነ ክላሰር ውስጥ አርጋችሁ ክላሰሩን በፌስታል ጠቅልሉት፣ ማህተም በዝናብ ከፈሰሰ ደብዳቤው አለቀለት ማለት ነው።

3. የዳታ ዝርዝር አባሪ አርጉ

ደብዳቤው ላይ "አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት" ብቻ ከሆነ ያለው ባለሙያው ምን እንደሚሰጣችሁ አያውቅም፣ እናንተም በቃል ስታስረዱ ትረሳላችሁ። አንድ ገጽ ላይ ሰንጠረዥ ስሩ፦ ምን ዳታ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመት፣ በወረዳ ነው ወይስ በክፍለ ከተማ ድምር፣ በወር ነው ወይስ በዓመት። አንድ ገጽ ብቻ ይሁን፣ የማትጠቀሙበትን አትጠይቁ፣ ረጅም ዝርዝር ያየ ሰው እጁን ያጥፋል።

ዓመቱን በኛ በጀት ዓመት ጻፉት። በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል፣ ስሙን የሚያገኘው ከሚያልቅበት ዓመት ነው፣ ማለትም የ2015 በጀት ዓመት የሚባለው ከሐምሌ 2014 እስከ ሰኔ 2015 ያለው ነው፣ ፈረንጅ 2022/23 የሚለው። ቲሲሱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሆነ ቦታ ላይ መቀየራችሁ አይቀርም፣ እና ዝም ብለው ሰባት ዓመት ወይ ስምንት ዓመት ደምረው የሚያልፉ ልጆች አሉ፣ እንደዛ ስታረጉ የአንዱ ዓመት ሪፖርት ሌላው ላይ ይወድቃል። አንዴ የመቀየሪያ ሰንጠረዥ ሰርታችሁ እሱን ብቻ ተጠቀሙ።

4. መቼ መሄድ

ብዙ ቢሮ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30 ነው፣ አርብ የጁምዓ ሰላት ስላለ ጠዋቱ 5:30 ላይ ያልቃል። ሰኞ ጠዋት ብዙ ቦታ ስብሰባ ነው፣ አርብ ከሰዓት ደግሞ የሰው ልብ ቤቱ ነው። እኔ የምመክረው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ሻይ ሰዓት ሳይገባ።

ከቀኑ በላይ ግን ወሩ ይበልጣል። ሰኔ በጀት መዝጊያ ነው፣ ሐምሌ የዓመቱ ሪፖርትና የአዲሱ ዕቅድ ነው፣ በነዚህ ሁለት ወራት የዕቅድ ባለሙያ ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። መስከረም በበዓል ያልፋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ውስጥ ጨርሱ። ፕሮፖዛላችሁ ሚያዝያ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ደብዳቤውን በዛው ሳምንት አስገቡ፣ ፋሲካ እስኪያልፍ ብላችሁ ካቆያችሁት ሰኔ ይደርስባችኋል።

መንገድን በተመለከተ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ማዘጋጃ ድረስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ከመጠበቅ በእግር መሄድ ይፈጥናል፣ የእግረኛ መንገዱ አሁን ሰፊ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ምናምን ቢፈጅ ነው። ቢሮ ግን ሁልጊዜ ባለበት አይቆይም፣ ኪራይ ህንጻ ላይ ያሉት በተለይ ይቀያይራሉ፣ ካዛንቺስም አካባቢው ብዙ ስለፈረሰ እዛ ነበር የተባላችሁትን ሁሉ አትመኑ፣ ደውላችሁ ወይ ሰሞኑን የሄደ ሰው ጠይቃችሁ ውጡ።

5. በርና መዝገብ ቤት

በር ላይ መታወቂያ፣ ፍተሻ፣ ላፕቶፕ ካላችሁ ማስመዝገብ አለ። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያችሁ ያላለፈበት መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። ጥበቃዎቹን ሰላም በሏቸው፣ እንደምን አደሩ ጋሼ ማለት ምንም አያስወጣም፣ እና እነሱ ናቸው የትኛው ፎቅ ላይ ማን እንዳለ፣ ኃላፊው ዛሬ ገብቶ እንደሆነ የሚያውቁት።

ከዛ በቀጥታ ኃላፊ ቢሮ አትሂዱ፣ መዝገብ ቤት ግቡ። ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ትልቅ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ዘርግታ ታገኛላችሁ፣ ገጹ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፣ ቀን፣ ገቢ ቁጥር፣ ከማን የመጣ፣ ጉዳዩ፣ ለማን የተመራ የሚሉ አምዶች አሉት። ደብዳቤያችሁን ትቀበላለች፣ ጀርባውን ሳይቀር ገልብጣ ታያለች፣ አባሪ ስንት ገጽ ብላ ትጠይቃለች፣ ከዛ የገቢ ማህተሟን ትመታበትና ማህተሙ ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ ላይ ቁጥሩንና ቀኑን በእስክሪብቶ ትሞላለች። ያቺን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ኮፒያችሁ ላይም እንድትጽፍላችሁ ለምኑ። ከዚህ በኋላ ደብዳቤው የሚፈለገው በናንተ ስም ሳይሆን በዛ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ይዞ የመጣ ተማሪ ፋይሉ በደቂቃ ይወጣለታል፣ "ባለፈው ሳምንት ያስገባሁት" የሚለው ደግሞ መዝገቡ ገጽ በገጽ እስኪገለጥለት ይቆማል።

6. ደብዳቤውን መከተል

መዝገብ ቤቷ ወደ ኃላፊው ታስገባለች፣ ኃላፊው ጠርዙ ላይ "ለዕቅድና በጀት፣ ትብብር ይደረግላት" ብሎ ይጽፍና ይፈርማል። ይሄ ነው መመራት የሚባለው። እናንተ በማግስቱ ወይ በሁለተኛው ቀን ሄዳችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ለማን ተመራ? ስሙን ያዙ፣ የስራ ክፍሉን ያዙ፣ ፎቁን ያዙ። ዳይሬክተር ለቡድን መሪ፣ ቡድን መሪ ለባለሙያ እያለ ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ጋ ስትደርሱ የቀጣዩን ስም ጠይቁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ከተባላችሁ ወክሎ የሚፈርም ሰው መኖሩን ፀሐፊዋን በትህትና ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ አለ።

ከላይ ወደ ታች መሄድን አትዝለሉ። የወረዳ ዳታ ስለምትፈልጉ ቀጥታ ወረዳ ከሄዳችሁ ከክፍለ ከተማ ደብዳቤ አምጡ ትባላላችሁ፣ ክፍለ ከተማው ደግሞ ከቢሮ ይላል። ስለዚህ ከቢሮው ጀምሩና ለክፍለ ከተማው የሸኚ ደብዳቤ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ፣ ክፍለ ከተማው ለወረዳዎቹ ይጽፋል። ግልባጭ ለራሳችሁም ይኑር።

ህጉንም እወቁት። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው ክፍል ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፣ መልስ የሚሰጥበትንም ጊዜ 30 ቀን ብሎ ገድቧል፣ የሚጠየቀውም በህዝብ ግንኙነቱ ክፍል በኩል ነው። ይሄን ገና በር ላይ መምዘዝ አልደግፍም፣ ሰውን ከሳሽና ተከሳሽ ያረጋችኋል፣ ግን ሳምንታት አልፈው መልስ ከጠፋ በጽሁፍ፣ አዋጁን ጠቅሳችሁ፣ በጨዋ አማርኛ ማመልከቻ አስገቡ። መብታችሁ ነው፣ ልመና አይደለም።

ገንዘብ ወይ "የሻይ" የሚል ነገር ውስጥ በፍጹም አትግቡ። ለመማር የመጣ ሰው ለዳታ መክፈል የለበትም፣ አንዱ ከከፈለ ደግሞ ከኋላው የሚመጣው ተማሪ ሁሉ ይጠየቃል።

ከ6:30 እስከ 7:30 ያለችውን የምሳ ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆማችሁ አታባክኑ። አቅራቢያችሁ ካለ ሽሮ ቤት ገብታችሁ፣ ረቡዕና አርብ ከሆነ በያይነቱ አዛችሁ፣ ምግቡ እስኪመጣ ጠዋት ማን ምን እንዳላችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ማታ ላይ ያ ሁሉ ስምና ፎቅ ይደባለቃል።

7. ባለሙያው ጋ ስትቀመጡ

እዚህ ጋ ነው ጊዜ መስጠት ያለባችሁ። ባለሙያው ፕሪንት የተደረገ ሪፖርት አንስቶ ይሄው ኮፒ አርጊ ሊል ይችላል፣ እሱንም ውሰዱ፣ ግን ሶፍት ኮፒ ካለ ኤክሴሉን ጠይቁ። ሪፖርት ላይ ያለው ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ ነው፣ 98 በመቶ፣ 103 በመቶ እያለ ይሄዳል፣ ለቲሲስ የምትፈልጉት ግን ከመቶኛው ስር ያለውን ጥሬ ቁጥር ነው። ኤክሴሉ ላይ አንዳንዴ በየወረዳው ሺት አለው፣ ድምሩ ብቻ ያለበትን ገልብጦ ከመስጠቱ በፊት የወረዳዎቹን እንዲያሳያችሁ ለምኑ።

ከዛ አብራችሁት ተቀምጣችሁ ጠይቁ፦ ይሄ ቁጥር ከታች የሚመጣው በማን ነው፣ በወረቀት ነው በስልክ፣ ባዶ የሆነው ሴል ዜሮ ማለት ነው ወይስ ሪፖርት አልመጣም? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ቲሲስ ያድናል። ባዶውን ሁሉ ዜሮ አርጋችሁ ወደ ሶፍትዌሩ ካስገባችሁ አንድ ወረዳ ጨርሶ ስራ ያልሰራ ይመስላል፣ እውነቱ ግን ያን ወር ፎካል ፐርሰኑ ወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ይሄን ያውቃል፣ ማንም ስለማይጠይቀው ነው የማይናገረው፣ ስራውን በቁም ነገር የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ደግሞ ራሱ ሌላ ፋይል ፈልጎ ይከፍትላችኋል።

ቀን ያለበት ፋይል ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ኤክሴል የኛን ካላንደር አያውቅም። ጥቅምት 5 ብሎ 05/02/2015 የተጻፈውን የፌብሩወሪ ወይ የሜይ ቀን ያረገዋል፣ ጥቅምት 30 ሲሆን ደግሞ 30/02 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሁፍ ይተወዋል። ጳጉሜ 3 ብሎ 03/13 የተጻፈው ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ ማርች 13 ይሆናል፣ እና ምንም ኤረር አይሰጥም። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ በሶስት ኮለም ለየብቻ አስገቡት፣ ከዛ በኋላ ነው መቀየር።

የቆየ የአማርኛ ፋይል ስትከፍቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ከመጣ ፋይሉ አልተበላሸም፣ በድሮው ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው፣ ከነሱ ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አስደርጋችሁ ውሰዱ። ፍላሽ ባዶ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቫይረስ ይዞ መሄድም ይዞ መመለስም አለ፣ ቴሌግራም የሚሻል ከሆነ እዛው እያላችሁ ይላክላችሁ፣ በኋላ እልክልሻለሁ የተባለ ፋይል ብዙ ጊዜ በዛው ይቀራል።

8. መጠይቅና ቃለ መጠይቅ ያላችሁ

ሰፈር ስትገቡ የወረዳውን ደብዳቤ ያዙ፣ ግን ሰው ቤት በር ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ደብዳቤ አይሁን። እንደምን ዋላችሁ እማማ፣ ተማሪ ነኝ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው ብላችሁ ጀምሩ። ሰፈሩ በቅርብ ልማት የተነሳበት አካባቢ አጠገብ ከሆነ ሰው ወረቀት የያዘ እንግዳ ሲያይ ልኬት ሊመጣ ነው ብሎ ይሰጋል፣ ይሄ ስጋት ተገቢ ነው፣ ከመንግሥት እንዳልተላካችሁ፣ የሚሰጧችሁ መልስ ቤታቸው ላይ ምንም እንደማያመጣ በግልጽ ተናገሩ፣ ስምና የቤት ቁጥር አትመዝግቡ። አልፈልግም ያለ ሰው አልፈልግም ብሏል፣ አመስግናችሁ ውጡ። ገቢ የሚጠይቀውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አርጉት፣ በወር ስንት ከማለት የቤት ወጪን መጠየቅ ይቀላል።

መጠይቁን ኮቦ (ዳታ መሰብሰቢያ አፕ) ላይ በስልክ ለምትሞሉ፣ ሰዓት የሚጠይቅ ጥያቄ ካላችሁ መላሹ 2 ሰዓት ሲላችሁ ስልኩ 8:00 ነው የሚፈልገው፣ ዳታ ሰብሳቢ ቀጥራችሁ ከሆነ ደግሞ ግማሹ ቀይሮ ግማሹ ሳይቀይር ይሞላዋል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው በኛ ሰዓት ተስማሙና ጠዋት ወይ ማታ የሚል ምርጫ ጨምሩበት።

9. ማታ ማታ

መብራት ካለ በዛው ቀን የመጣውን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ኦንላይን ይሁን። የፋይሉን ስም ቢሮው፣ ዓመቱና የተቀበላችሁበት ቀን ብላችሁ ቀይሩት፣ ሁሉም "ሪፖርት ፋይናል" ብሎ ነው የሚመጣው።

10. ሲያልቅ

ዲፌንስ አልፎ ማስተካከያው ከገባ በኋላ አንድ ኮፒ አስጠርዙና ዳታ ለሰጣችሁ ቢሮ ውሰዱ። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያረግ ሰው የለም፣ ባለሙያዎቹም "ወስደው ይጠፋሉ" የሚሉት ለዚህ ነው፣ አንድ ተማሪ ወስዶ ከጠፋ የሚጎዳው ቀጣዩ ነው። ሙሉውን ቲሲስ የሚያነብ ጊዜ ስለሌላቸው በአማርኛ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ጻፉና ከፊት አያይዙት፣ ያገኛችሁትን፣ በተለይ እነሱ ሊያስተካክሉት የሚችሉትን ነገር፣ በቁጥር አስቀምጡ። ስታስገቡም በመዝገብ ቤት በኩል ይሁን፣ ገቢ ቁጥር ይውጣለት፣ ከዛ ኮፒውን ለባለሙያው በእጁ ስጡት።